ጢስ የሌለው እሳት

የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ በሁለት ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። አንደኛው ሚዛን «የታሰበለትን ሥራ በደንብ ይሠራልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን «የሚገለገልበትን ሰው ወዴት ይወስደዋል?» ይላል። ነጋዴ በመጀመሪያው ሚዛን መዝኖ ይሸጣል፤ ገዥም ብዙ ጊዜ በዚያው ሚዛን መዝኖ ይገዛል። ሁለተኛውን ሚዛን አንሥቶ መመዘን ግን የወላጅና የመምህር ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ በአዳማ ያስተማርሁት፣ አሁን በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወጣት ለዕረፍት በመጣ ጊዜ የአንዲት ዕቃ ሥዕል አሳየኝና፤ «ጋሼ፣ ይህች እኮ እንደ ሲጋራ አትጤስም፤ ቤቱን አታሸትም፤ የሚሳበውም በውሃ ውስጥ ያልፋል። ከሺሻ ቤት ጢስ አትሻልም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የጨዋታ አልነበረም። በዚሁ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ታናሽ ወንድሙ ስለ ዕቃይቱ ሰምቶ «ላክልኝ» እያለ ይጨቀጭቀው ኖሯል። ስለዚህ ነገሩን በችኮላ «ክፉ ነው» ብሎ መዝጋት አልወደድሁም። ያልተመረመረ ነቀፋ ወጣቱን ያስቈጣዋል እንጂ አይመልሰውም።

ዕቃይቱን የኤሌክትሪክ ጋያ ብንላት ከእውነቱ አንርቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረባት «ፓፍኮ ፒክ» የምትባለው የዚህ ዓይነቱ ዕቃ የታወቀች ምሳሌ ናት። ቁመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም። በውስጧ ባትሪ፣ በላይዋ ከሴራሚክ የተሠራ ትንሽ ጽዋና ውሃ የሚይዝ የመስተዋት ዕቃ አላት። ቁልፏ ሲነካ ጽዋው በ20 ሰከንድ ገደማ ይግላል፤ ሙቀቱም ከ230 እስከ 320 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባሉ አራት ደረጃዎች ይመረጣል፤ ሲደርስም በመብራትና በመንቀጥቀጥ ታስታውቃለች። በጽዋው የሚገባው ቅጠል አይደለም፤ ከካናቢስ፣ ማለት እኛ ሐሺሽ ከምንለው ተክል ወጥቶ የተጠራቀመ፣ እንደ ሰም ወይም እንደ ማር የሚያጣብቅ ንጥር ነው። ዕቃይቱ ለገበያ በወጣች ጊዜ ዋጋዋ ወደ 380 ዶላር ነበር።

በመጀመሪያው ሚዛን ስንመዝናት ምስጋና የሚገባት ነገር አለ፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ከእርሷ በፊት ንጥሩን የሚስቡ ሰዎች አንድ ትንሽ ብረት በጋዝ ችቦ እስኪቀላ እያጋሉ ንጥሩን በላዩ ያስነኩ ነበር። ችቦው እጅን ያቃጥላል፤ ቤትንም ሊያነድድ ይችላል፤ የብረቱም ግለት ልክ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ለንጥሩ መዓዛ የሚሰጡት ተርፒን የሚባሉ ቅመሞች እጅግ በጋሉ ቁጥር ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ጭምር ከእነርሱ ይወጣል። ስለዚህ ችቦውን ማስቀረትና ግለቱን መወሰን እውነተኛ መሻሻል ነው። የሠሪው እጅ ብልህ እጅ ነው።

ነገር ግን በውሃ ማሳለፉ እንደ ትልቅ ግኝት የሚነገር ከሆነ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንደነቅ አይገባንም። በአርሲና በሲዳማ ገጠር የዞረ ሰው ሽማግሌዎች ቅሉን ውሃ ሞልተው፣ የሸክላውን ራስ በላዩ ተክለው ትምባሆ ሲስቡበት አይቷል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ፣ ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው፣ ተቈፍረው የወጡ ሁለት የጋያ ራሶች በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ ሲሆኑ፣ ቫን ደር ሜርዌ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጥናታቸው የካናቢስ ርዝራዥ እንደ ተገኘባቸው ገልጸዋል። እንግዲህ ውሃውም ተክሉም ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ውሃ ግን ያቀዘቅዛል እንጂ መርዝን አጥቦ አያስቀርም፤ የዛሬው የሺሻ ጢስም በውሃ ስላለፈ ከጉዳት የነጻ አልሆነም።

አዲሱ ነገር ያለው በጽዋው በሚገባው ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ከዝዋይ አልፎ አርሲ ነገሌ ድረስ መሄድ ይበቃል። ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ልፋት ነውና ስሟን የማነሣው ለነቀፋ አይደለም። ጠላ በጣሳ ይጠጣል፤ አረቄ ግን በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፤ የዚያችም ብርጭቆ ስም «መለኪያ» ነው። አባቶቻችን የነጠረ ነገር ያለ ልክ እንዳይያዝ ጥንቃቄውን በስሙ ላይ ጻፉት። በአሜሪካ ፖሊስ ይዞት በተመረመረው ካናቢስ ውስጥ ቲኤችሲ የሚባለው አስካሪው ነገር እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ 4 ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 ደርሷል። በንጥሩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ 60 እስከ 90 ይሆናል። ይህን እንደ ቅጠሉ መሳብ አረቄን በጣሳ እንደ መጠጣት ነው። ዕቃይቱም አራት ደረጃ አላት የተባለው የሙቀት ደረጃ ነው፤ ሰውየው ምን ያህል እንደ ሳበ የምትነግርበት መለኪያ የላትም። የጽዋዋን ልክ ታውቃለች፤ የተገልጋይዋን ልክ ግን አታውቅም።

ከዚህ የሚበልጥ ነቀፋም አለ። ሰውን ከሱስ የሚጠብቁ አራት ዘበኞች አሉ፤ እነርሱም ጊዜ፣ ሳል፣ ሽታና ሰው ናቸው። ጫት የሚቅም ሰው ከቀትር እስከ ማታ ሊያኝክ ይገደዳል፤ ጊዜው ራሱ ልጓም ይሆነዋል። ትምባሆን የጀመረ ልጅ ጉሮሮው ይቈጣዋል፤ ሳሉም «ተው» ይለዋል። ሽታው በልብሱ ላይ ገብቶ ለእናቱ ይናገርበታል። ሺሻ ቤት የገባ እንደ ሆነ ሲገባ የሚያየው ጎረቤት አይጠፋም። ዘበኞቹ ፍጹማን እንዳልሆኑ በአዳማ መንደሮች ውስጥ የሚታየው ነገር ይመሰክራል፤ ቢሆንም ብዙ ልጅ መልሰዋል። ይህች ዕቃ ግን የምትመሰገነው በትክክል እነርሱን በማሰናበቷ ነው። ፈጣን ናት ሲሉ ጊዜን አባረረች ማለታቸው ነው፤ ለስላሳ ናት ሲሉ ሳልን፣ ብዙ አትሸትም ሲሉ ሽታን፣ በኪስ ቦርሳ ተይዛ ለብቻ ትሳባለች ሲሉ ደግሞ ሰውን። ለሻጭዋ አራት ምስጋና የሆነው ለእናት አራት ኪሳራ ነው። ያ ወጣት ለወንድሙ እንዳይልክ የመከርሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክሩንም ከነምክንያቱ ስለ ሰማ ተቀበለው።

«ሻሸመኔስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያ መሬት ሰጥተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካን ከጐበኙ በኋላም ብዙ ራስ ተፈሪያውያን መጥተው ሰፍረዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጋንጃን የጸሎት ዕፅ አድርገው ይቈጥሩታል፤ ሕጋችን ግን ይህን አይፈቅድም፤ እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር አልተባበርም። ነገር ግን ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበትና አንድ ነገር ልናገር። እነርሱም ቻሊስ የሚሉት የውሃ ጋያ አላቸው፤ በጸሎትና በከበሮ መካከል፣ በሽማግሌ ፊት፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ቢያንስ ሰው የሚባለውን ዘበኛ አላባረሩም። ተማሪው በመኝታ ክፍሉ በሩን ዘግቶ የሚስብባት ዕቃ ግን ይህ እንኳ የላትም።

ጉዳቱ የመምህር ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ነገር ልጨምር። በአውሮፓና በብራዚል በ11 ስፍራዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ቲኤችሲው ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች፣ ጨርሶ ከማይወስዱት ይልቅ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጣቸው ዕድል ወደ 5 እጥፍ ሆኖ እንደ ተገኘ ያሳያል። ንጥሩ ከዚህ ልክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ከላይ አይተናል። እንዲሁም በዚያው ዓመት በአሜሪካ በእንፋሎት የሚሳብ ነገር የተጠቀሙ ብዙ ሰዎች ሳንባቸው ታመመ፤ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዝግቧል፤ የሞቱትም 68 ነበሩ። ዋናው ምክንያት በብዕር መሰል መሳቢያዎች ቀለህ ውስጥ ከንጥሩ ጋር የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር። ይህ ጥፋት የዚህች ጋያ አይደለም፤ ግን ትምህርቱ ለሁሉም ነው። ጢስ አለመታየቱ ንጽሕና አይደለም።

«ሕግ የለም ወይ?» ቢባል፣ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከገበያ አግዷል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጤሰውን ሰው ከንፈር ያስቈርጡ እንደ ነበር ይነገራል፤ ትምባሆ ግን ከአገር አልጠፋም። ፖሊስ ሺሻ ቤትን በጢሱና በሽታው ያገኘዋል፤ ይህችን በምን ያገኛታል?

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ዕቃይቱ በመጀመሪያው ሚዛን ጥሩ ሥራ ናት፤ በሁለተኛው ግን ቀልላ ትገኛለች፤ የተሠራችበት ብልሃት ሁሉ ሰውየው ራሱን የሚያስተውልበትን ጊዜ ለማሳጠር የዋለ ነውና። ወላጆች ሆይ፣ እስከ ዛሬ የልጃችንን ልብስ በማሽተት ብዙ ነገር እናውቅ ነበር፤ ከእንግዲህ በአፍንጫችን አናውቅም። የቀረን መንገድ ልጁ ሳይፈራ እንዲነግረን ማድረግ ነው፤ ይህም ማታ ማታ በማዕድ አብሮ ተቀምጦ፣ ውሎውን ጠይቆ፣ መልሱን ሳያቋርጡ በመስማት የሚገኝ ነው። መምህራንም ንጥር ምን እንደ ሆነ፣ ከቅጠሉ በምን እንደሚለይ፣ ለወጣት አእምሮ ለምን እንደሚከፋ በክፍል ውስጥ በግልጥ ያስተምሩ። ልጁ ይህን አስቀድሞ ከእኛ ካልሰማ ከሻጩ ይሰማዋል፤ ሻጩም የሚነግረው በመጀመሪያው ሚዛን ብቻ ነው።