የጫካው ብርሃንና የአንባብያን ፍርድ

አንድ መጽሐፍ በብዙ ሰው እጅ ሲገባ እንደ መንገድ ዳር ዛፍ ይሆናል፤ አንዱ ከጥላው ሥር ያርፋል፣ ሁለተኛው ቅርንጫፉን ይዘነጥላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፍሬ የለውም ብሎ አልፎት ይሄዳል። ዛፉ ግን ያው አንድ ዛፍ ነው። በዚህ ወር ለአንባብያን ላቀርበው ያሰብሁት ሐተታ እንዲህ ያለ ዕድል ስለ ገጠመው አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድና አንባብያን በየበኩላቸው ስለ ሰጡት ፍርድ ነው። መጽሐፉ ጄምስ ሬድፊልድ የደረሰው «ዘ ሴለስታይን ፕሮፌሲ» ሲሆን፣ ስሙ በአማርኛ «የሴለስታይን ትንቢት» ሊባል ይችላል። ይህን የምጽፈው ሊቅ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ የዕለት ሥራዬም መዝገብ ማገላበጥና ባለጉዳይ ማነጋገር ነው። መጽሐፉንም ያነበብሁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ፣ ማታ ማታ ነው። ቢሆንም መጽሐፍ የሚጻፈው ለሊቃውንት ብቻ ስላይደለ፣ ተራ አንባቢም የተሰማውን ቢናገር ነውር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ደራሲው በአሜሪካ አገር በአላባማ በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ወደ ድርሰት ከመግባቱ አስቀድሞ 15 ዓመት ያህል በደል የደረሰባቸውን ወጣቶች በምክር ሲረዳ የኖረ ሰው ነው። መጽሐፉን በ1993 በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ በመኪናው እየጫነ ለመጻሕፍት ሻጮች ያዞር ነበር። በ1994 ዋርነር ቡክስ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ተረከበው። ከዚያ ወዲህ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ብዙ የተሸጡ መጻሕፍትን ከሚዘረዝርበት ሰንጠረዥ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሞ ሽያጩ በዓለም ዙሪያ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መድረሱ ተነገረለት። በ1996 ተከታዩ ክፍል ወጣ፤ በ2006 ደግሞ ታሪኩ በፊልም ታየ።

የታሪኩ አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስሙ ያልተገለጸ አንድ አሜሪካዊ፣ በፔሩ አገር ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ ጥንታዊ ብራና መገኘቱን ከቀድሞ ወዳጁ ይሰማል። ብራናው የሰው ልጅ ደረጃ በደረጃ ስለሚያገኛቸው ዘጠኝ መንፈሳዊ ማስተዋሎች ይናገራል። የፔሩ መንግሥትና አንዳንድ የቤተ ክህነት ሹማምንት ግን ጽሑፉ እንዳይሰራጭ ቅጂዎቹን ያሳድዳሉ። ሰውየው ወደ ፔሩ ይበራል፤ ከወታደሮች እየሸሸ፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ማስተዋሎቹን አንድ በአንድ ይማራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በተራራ መካከል ቪሲየንቴ በተባለ ስፍራ የሚያየው ነው፤ በዚያ ተመራማሪዎች ተክሎችን ይንከባከባሉ፣ በዛፎችና በቅጠሎች ዙሪያ የሚያበራ ኃይል ማየትን ያስተምሩታል፣ የሰው አሳብና ፍቅር የተክልን እድገት እንደሚረዳም ይነግሩታል።

እንግዲህ ወደ አንባብያን ፍርድ እንለፍ። የመጀመሪያዎቹ ወዳጆች ናቸው። እነዚህ «ሕይወቴን ለወጠው» የሚሉ ናቸው። በሕይወታቸው የሚገጥማቸው አጋጣሚ ሁሉ ትርጉም ያለው መስሎ ይታያቸዋል፤ የተፈጥሮን ውበት ቆም ብለው ማየት ይጀምራሉ፤ በየቦታው ማኅበር እየመሠረቱ መጽሐፉን በአንድነት ያጠናሉ፤ ለዚህም የሚሆን የመልመጃ መጽሐፍ በ1995 ወጥቶላቸዋል። መጽሐፉን ያዋሰኝ ባልደረባዬም ከነዚህ አንዱ ነው። ካነበበው ወዲህ ጠዋት ከቢሮ ከመግባቱ በፊት ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ጥቂት ቆሞ ወደ ላይ ማየት ልማዱ ሆኗል። እኛም ጓደኞቹ በዚህ እንሥቅበታለን፤ እርሱ ግን አይቀየምም፤ ከቀድሞው ይልቅ ታጋሽ መሆኑንም ሁላችን እንመሰክርለታለን።

ሁለተኞቹ ነቃፊዎች ናቸው። ክሳቸው በኪነ ጽሑፍ በኩል ነው፤ ሰዎቹ ሥጋና ደም የሌላቸው፣ ትምህርት ለመስጠት ብቻ ከመንገድ ዳር ብቅ የሚሉ ናቸው፤ ንግግራቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ስብከት ነው፤ ተራኪው አንድ ነገር ማወቅ ባስፈለገው ቁጥር የሚያውቀው ሰው በዚያው ሰዓት ከፊቱ ይደርሳል ይላሉ። ሦስተኞቹ የታሪክና የሳይንስ ሰዎች ናቸው። በደራሲው አባባል ብራናው የተጻፈው በአራማይክ ቋንቋ ነው፤ ይህ የመካከለኛው ምሥራቅ ቋንቋ በዚያ ዘመን ፔሩ መድረሱን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። የማያ ሕዝብም አገሩ ሜክሲኮና ጓቴማላ፣ በአካባቢያቸውም ያሉ አገሮች እንጂ ፔሩ አልነበረም። ስለ ተክሎች የተነገረውም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ክሊቭ ባክስተር የተባለ አሜሪካዊ በ1966 የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ከተክል ቅጠል ጋር አገናኝቶ ተክል የሰውን አሳብ ያውቃል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ያንኑ ውጤት ለማግኘት እንዳልቻሉ ገልጸዋል።

አራተኞቹ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። የነርሱ ቅሬታ፣ መጽሐፉ ጸጋን በኃይል፣ ንስሐን በማስተዋል፣ እግዚአብሔርንም ስም በሌለው ብርሃን ይለውጣል የሚል ነው። ከዚህም በላይ የእውነት ጠላት ሆነው የቀረቡት አንድ ካርዲናል ናቸው። በደራሲው በኩል ግን ፍትሕን ለመጠበቅ ሲባል መነገር ያለበት፣ ብራናውን የሚያስተምሩትና ተራኪውን የሚረዱትም ካህናት መሆናቸው ነው። ደራሲው ራሱም ሥራውን ምሳሌያዊ ታሪክ ብሎ ይጠራዋል፤ ስለዚህ መጽሐፉን እንደ ታሪክ መዝገብ የሚመረምሩትም ሆኑ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የሚቀበሉት ከተሰጣቸው በላይ የሚጠይቁ ይመስለኛል።

አሁን የራሴን አስተያየት ልጨምር። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱም አይደለም። ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ የሚቆመው በሥጋት ነው፤ ሥጋትም የሚኖረው ነገሩ ሊበላሽ የሚችል ሲሆን ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትምህርት ግን አጋጣሚ ሁሉ በምክንያት ይመጣል የሚል ነው። እንግዲያማ ወታደሩ ቢተኩስ፣ መኪናው ቢሰበር፣ መንገዱ ቢጠፋ፣ ይህ ሁሉ ተራኪውን ወደሚቀጥለው መምህር ለማድረስ ከሆነ፣ አንባቢው ስለ ምን ይሠጋል? ትምህርቱ በተሳካ ቁጥር ታሪኩ ይሞታል። አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ሥርዓት ይሰበራል፤ እርሱም በመጨረሻው ነው። በሴለስታይን ፍርስራሽ ዘንድ ዊል የተባለው መሪ ከብርሃኑ ጋር ተዋሕዶ ከዓይን ሲሰወር፣ ተራኪው ግን ፍርሃት ስላደረበት ይቀራል፤ በወታደሮችም እጅ ይወድቃል። ሁሉን ከተማረ በኋላ የሚፈራ ሰው! በዚህ ስፍራ ላይ ስደርስ መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት፤ ቃላቱን ሁሉ ባላውቃቸውም ነገሩ ገብቶኛልና።

ስለ ተፈጥሮም እንዲሁ ነው። ጫካው ያበራል፤ ነገር ግን እሾህ አይወጋም፣ ጉንዳን አይነክስም፣ ዝናብ ልብስ አያበሰብስም። ያደግሁት በገጠር፣ ደብር በከበበው ጽድና ወይራ አጠገብ ነው። ያንን ደን ማንም በብርሃን ተከቦ አላየውም፤ የተከበረው ማንም መጥረቢያ ስለማያሳርፍበት ነው። ወላጆቻችን የእያንዳንዱን ዛፍ ስም፣ የትኛው ለሞፈር የትኛው ለጥርስ መፋቂያ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ተፈጥሮን መውደድ ስሙን ከማወቅ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ፤ የሬድፊልድ ጫካ ግን ስሙን የማያውቁት መልከ መልካም እንግዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመጨረሻው ማስተዋል ውስጥ የሰው ልጅ ወደፊት ደንን ሳይቈርጥ ከሸመገሉ ዛፎች መካከል ይኖራል የሚለው ተስፋ የሚናቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ነቀፋ ከጻፍሁ በኋላ አንድ እውነት ብደብቅ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ስድስተኛው ማስተዋል ሰዎች አንዱ ከሌላው ኃይል የሚሰርቁባቸውን አራት ጠባዮች ይገልጻል፤ አስፈራሪው፣ መርማሪው፣ ራሱን የሚያርቀው ዝምተኛና ምስኪን መስሎ የሚያለቃቅሰው ናቸው። ሰው እነዚህን የሚማረው ከልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ሲኖር ነው ይላል። ተራኪው ሲመረመር ዝምተኛው ሆኖ ይገኛል፤ ሰው ጠይቆ እንዲለምነው እያደረገ ራሱን በምሥጢር የሚያከብር ነው። ይህን ምዕራፍ ባነበብሁ ማግስት አንዲት አሮጊት ሦስት ጊዜ የተመላለሱበትን ጉዳይ ይዘው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። እኔም እንደ ልማዴ ቀና ሳልል «ነገ ይምጡ» ልል ስል ቃሉ ከአፌ ላይ ቀረ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝምታዬን የሥራ ክብር ሳደርገው ኖሬ፣ ለካ ከባለጉዳይ ልመና የምቀበልበት መንገድ ነበር! «እማማ ይቀመጡ» አልኋቸው፤ መዝገቡን ፈልጌ አገኘሁት፤ የጐደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። እርሳቸው መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ አፍሬ ዋልሁ፤ ፊርማው ባለፉት ሦስት ምልልሶች ሁሉ ሊገኝ ይችል ነበርና።

ከዚህ በኋላ ያ ምዕራፍ ከሌላው በምን እንደሚበልጥ ማሰብ ጀመርሁ። ያገኘሁትም መልስ ይህ ነው። ደራሲው ስለ ማያ ሕዝብ፣ ስለ ጥንታዊ ብራናና ስለ ሚያበራ ቅጠል የጻፈው ከምኞቱ ነው። ሰው ሰውን እንዴት እንደሚጫንና የተጐዳ ልጅ ራሱን ለመከላከል ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ የጻፈው ግን፣ ከተጐዱ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ ካሳለፋቸው ዓመታት የተገኘ ይመስላል። ያየውን በጻፈበት ስፍራ እንግሊዝኛው የሚያስቸግረኝ እኔ እንኳ ገባኝ፤ የተመኘውን በጻፈበት ስፍራ ግን የቋንቋው ሊቃውንትም ሣቁ።

ስለዚህ በአንባብያን መካከል የተነሣው ክርክር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ከማድረግ የመጣ ይመስለኛል። «መልካም ልብ ወለድ ነውን?» ለሚለው መልሴ አይደለም ነው። «ለአንባቢ ጠቅሟልን?» ለሚለው ግን፣ ባልደረባዬ በዛፉ ሥር ቆሞ፣ እኔም በጠረጴዛዬ ፊት አፍሬ፣ አልጠቀመም ልንል አንችልም። ነቃፊ ሁለተኛውን ጥያቄ ቢንቅ ከአንባቢ ይለያል፤ ወዳጅም የመጀመሪያውን ቢንቅ ደራሲውን ሰነፍ ያደርገዋል። በአገራችንም መንፈሳዊ ትምህርትንና ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክን አዋሕደው ለመጻፍ የሚያስቡ ወጣት ደራስያን ካሉ ከዚህ መጽሐፍ የሚማሩት አለ፤ ትምህርቱ በሚፈራና በሚሳሳት ሰው ላይ ይድረስ፣ ጫካውም ስሙና እሾሁ ይኑረው።

መጽሐፉን ለባለቤቱ መልሼለታለሁ። ምን እንዳሰብሁ ሲጠይቀኝ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ነገርሁት። ስለ ማያና ስለ አራማይክ ስናገር ትከሻውን ነቀነቀ፤ ስለ አሮጊቷ ስናገር ግን ምንም አልመለሰልኝም። በማግስቱ ጠዋት ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘሁት፤ እኔም ብርሃን ባላይም ጥቂት ከጎኑ ቆሜ፣ ከዚያ አብረን ወደ ሥራችን ገባን።