የብልሽት ቁጥር ማንበብና ብልሽት መፈለግ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ቀላል አውቶሞቢሎች ሁሉ ወጥ የብልሽት ቁጥር የሚሰጥ የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው መደንገጉ ለአውቶ ኤሌክትሪክ ትምህርት ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከጥቅሙ ጋር አንድ የማስተማር ጉድለት አብሮ ገብቷል፤ ይኸውም በግራ የብልሽት ቁጥር፣ በቀኝ የሚለወጠው ዕቃ የተጻፈበት ሠንጠረዥ የትምህርቱን ቦታ መያዙ ነው።

ለምሳሌ ፒ 0118 የተባለውን ቁጥር እንውሰድ። ሠንጠረዡ «የውሃ ሙቀት ሴንሰር ይለወጥ» ይላል፤ ቁጥሩ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ «ኮምፒዩተሩ ይለወጥ» ይላል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በሴንሰሩ መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ ነው። ሽቦው ቢበጠስ፣ ሶኬቱ ቢዝግ ወይም ሴንሰሩ ውስጡ ቢቋረጥ ምልክቱ ያው ነው።

ኮምፒዩተሩ ለዚህ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር 5 ቮልት በውስጥ ተከላካይ አሳልፎ ይልካል። ስለሆነም ሠልጣኙ ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ቢያገናኝ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ንባብ ወደ ከፍተኛ ሙቀት መዝለል አለበት። ከዘለለ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወይም ከሶኬቱ ነው። ካልዘለለ የምልክቱን ሽቦ ከማሳ ጋር ያገናኝ፤ አሁን ከዘለለ የተበጠሰው የመመለሻው መስመር ነው። ኮምፒዩተሩ የሚጠረጠረው ሽቦዎቹ ሁሉ ተፈትነው፣ የራሱ የኮረንቲ መግቢያና ማሳም ሞተሩ እየሠራ በቮልት ተለክተው ደኅና ከሆኑ በኋላ ብቻ ነው። በኦም ብቻ የተለካ ሽቦ አንዲት ክር ቀርታው እንኳ ደኅና መስሎ ይታያልና።

የሠንጠረዡ ደጋፊዎች የመሣሪያና የጊዜ እጥረትን ያነሣሉ። ከላይ የተገለጸው ፈተና ግን ከቁጥር ማንበቢያው ሌላ የሚጠይቀው አንዲት ቁራጭ ሽቦ ነው። በአንጻሩ ያለ ምርመራ የተለወጠ ኮምፒዩተር ባለንብረቱን ያከስራል፤ ሠልጣኙም ምክንያትን ከውጤት ሳይለይ ይመረቃል።

ስለዚህ መምህሩ በተግባር ፈተና ላይ ነጥብ የሚሰጠው ለተለወጠው ዕቃ መሆን የለበትም። ሠልጣኙ ከመለካቱ በፊት የሚጠብቀውን፣ ከለካ በኋላ ያገኘውን፣ ከሁለቱም የደረሰበትን ውሳኔ በጽሑፍ ያቅርብ። ሊመዘን የሚገባው ይህ ነው።