አንድ ኮድ፣ ሁለት ጉልበት

ወልቂጤ ውስጥ የተማሪዎችን የቼስ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሳጋጥም፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው በየትኛው ኮምፓይለር፣ በምን ትእዛዝ እንደተሠሩ ነው። ከቡታጅራ የመጣው ልጅ ኮዱን በጂሲሲ ያለ ምንም ማፍጠኛ ሠርቶት፣ የወልቂጤው ደግሞ ኦ3 የሚባለውን ደረጃ ተጠቅሞ ከሆነ፣ ውጤቱ የማን ሐሳብ እንደሚበልጥ አይነግረኝም። ያለ ማፍጠኛ የተሠራው በብዙ እጥፍ ይዘገያል። የቼስ ፕሮግራም ደግሞ ብርታቱ በተሰጠው ሰዓት ውስጥ አርቆ እስካየ ድረስ ነው።

ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በአጭር ሰዓት ጨዋታ በአስሮች የሚቆጠር ኤሎ (የብርታት መለኪያ ነጥብ) ይጨምራል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ትርፉ ይሳሳል። የ100 ኤሎ ብልጫ ያለው ከ100 ጨዋታ ወደ 64 ነጥብ ይሰበስባል። ስለዚህ አንድ የተረሳ ትእዛዝ ብቻውን አሸናፊ ሊለውጥ ይችላል።

ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የቼስ ፕሮግራም ስቶክፊሽ ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት የተለየ ግንባታ አለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ፔክስት የሚባለው የፕሮሰሰር ትእዛዝ በኢንቴል ላይ ሥራውን ያፈጥናል፤ በ2020 ከወጣው ዜን 3 በፊት በነበሩት የራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ ግን እጅግ ያዘግማል። ለእኔ ላፕቶፕ ምርጥ የሆነው ግንባታ ለጎረቤቴ ሸክም ሊሆንበት ይችላል። (መብራት ጠፍቶ በባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕም ፍጥነቱን ሊቀንስ ስለሚችል፣ በዚያ ሰዓት የተደረገውን ጨዋታ አልቆጥርም።)

ስለዚህ ኮዱን ተቀብዬ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ኮምፓይለር እኔው እሠራዋለሁ። ከዚያ ስቶክፊሽ ቤንች የሚለውን ዓይነት ፈተና አስኬዳለሁ። የአንድ ኮድ ሁለት ግንባታዎች የመረመሩት አቋም ብዛት እኩል መሆን አለበት፤ መለያየት የሚችለው የፈጀው ጊዜ ነው። ብዛቱ ከተለያየ ኮዱ ውስጥ ስህተት ተደብቋል፤ ብዙ ጊዜ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ይገኛል።

ማፍጠንም ሙያ ስለሆነ ለጸሐፊው የመረጠው ግንባታ ይተውለት የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሌሎች ሰዓቱን ትተው ለሁለቱም እኩል የአቋም ብዛት ይመድባሉ። ይህም ያዳላል፤ እያንዳንዱን አቋም በከባድ ኒውራል ኔትወርክ የሚመዝን ፕሮግራም ለዝግታው ምንም አይከፍልም። እኔ በሰዓትም በእኩል የአቋም ብዛትም አጫውቼ ሁለት ዝርዝር አወጣለሁ፤ ከየስሙ ጎንም ኮምፓይለሩን ከነእትሙና ከነትእዛዙ እጽፋለሁ። ይህ ያልተጻፈበትን ሬቲንግ ከዝርዝሬ ጋር አላነጻጽርም።