አሻንጉሊት ስድብ ያልሆነበት መድረክ

በእኛ ፖለቲካ «አሻንጉሊት» ስድብ ነው። እኔም እዚህ ሮቢንስዴል ተቀምጬ በዚህ ቃል ያልሰደብኩት ሹም፣ ያልሰደብኩት ፓርቲ የለም። ኦሳካ ሄጄ ቡንራኩ የሚባለውን የጃፓኖች የአሻንጉሊት ቴአትር ካየሁ ወዲህ ግን ቃሉን ለስድብ ማዋል አሳፍሮኛል።

ያየሁት ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን በ1703 እ.ኤ.አ. የደረሰውን «ሶኔዛኪ ሺንጁ» ነው፤ አብረው ለመሞት የቆረጡ የሁለት ፍቅረኞች ታሪክ። አንዱን ዋና አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ይይዙታል፦ መሪው ራሱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን። ከመድረኩ ጎን የሚቀመጠው ተራኪ በልማዱ የሁሉንም ድምፅ ብቻውን ያወጣል፤ ሻሚሰን የተባለው ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ያጅበዋል። ጃፓንኛ አልሰማም። መጀመሪያ ሰዎቹ እንጂ አሻንጉሊቷ አልታየችኝም፤ ቆይቶ ግን ሰዎቹ ከዓይኔ ጠፉ።

አንድ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የሴት አሻንጉሊት በልማዱ እግር የላትም፤ እግር ያዡ የቀሚሷን ጫፍ እያንቀሳቀሰ የምትራመድ ያስመስላታል። በዚህ ቴአትር ግን ኦሃትሱ እግር ተሰጥቷታል። ፍቅረኛዋ ቶኩቤይ ከተቀመጠችበት ሥር ተደብቋል። ለመሞት መቁረጡን በእግሯ ስትጠይቀው፣ እግሯን ይዞ ጉሮሮው ላይ ያሳልፈዋል። ሰው የሚተውንበት ብዙ ቴአትር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ የአዳራሽ ዝምታ ግን አልገጠመኝም።

በሙያው ወግ እግር ለመያዝ አሥር ዓመት፣ ግራ እጅ ለመያዝ ሌላ አሥር ዓመት መማር ያሻል ይባላል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር እየዞረ ድጓ ሲማር ዓመታት የፈጀው የቆሎ ተማሪያችንም ይህንኑ ያውቃል። እኛ ስደተኞቹስ? ማኅበር ባቋቋምን ቁጥር ሁሉም ራስ ያዥ ለመሆን ይሻማል፤ እግር የሚይዝ ይጠፋል። ማኅበሩም ሳይራመድ ለሁለት ይከፈላል።

«ታዲያ ታዛዥነትን ልትሰብከን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በቡንራኩ ረዳቶቹ ፊታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሲሸፍኑ፣ መሪው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ገልጦ ይታያል፤ እጁ የማን እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል። በእኛ መድረክ ነገሩ ተገልብጧል፦ ራስ የያዘው ተሸፍኖ እግር የያዘው ይጋለጣል፣ ስድቡንም የሚቀበለው እሱ ነው። ነውሩ ያለው ከአሻንጉሊቱ ሳይሆን ከተሸፈነው ፊት ነው። እኔም ከእንግዲህ ጥያቄዬን የማቀርበው ለእሱ ነው።

ሮቢንስዴል፣ ሚኒሶታ