ስለ ፓይተን የመክፈቻ ቃል

የፕሮግራም አጻጻፍ የሚጀምር ተማሪ ከማናቸውም መጽሐፍ አስቀድሞ የሚያነበው፤ መሣሪያው ሲከፈት የሚጽፍለትን ቃል ነው። ይህም ቃል እንደ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመር የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው፤ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን ፓይተንን ለምሳሌ ወስደናል።

ፓይተን በዊንዶውስ ላይ ሲከፈት፤ በመጀመሪያው መስመር የእትሙን ቁጥርና የተዘጋጀበትን ቀን ይናገራል። ቀጥሎም «64 ቢት»፤ በቅንፍ ደግሞ «ኤ.ኤም.ዲ.64» ብሎ ካሰፈረ በኋላ «በዊን32 ላይ» ሲል ይዘጋል። የጀማሪው ኮምፒዩተር የኢንቴል ከሆነ ኤ.ኤም.ዲ. ከየት መጣ? 64 ያለው አፍ እንዴት ተመልሶ 32 ይላል? የማይሆነኝን አምጥቼ ጫንሁ ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። በእውነቱ ግን ስሕተት የለም። ኤ.ኤም.ዲ.64 በዚያ ኩባንያ ተፈልስፎ ኋላ ኢንቴልም የተቀበለው የአሠራር ስልት ስም ነው። ዊን32 ደግሞ ከቀድሞው ዘመን የተወረሰ መጠሪያ ሲሆን፤ 64 ቢት ከመጣም በኋላ ሳይለወጥ ቀርቷል።

ሁለተኛው መስመር ይብሳል። ለበለጠ ማብራሪያ «ሄልፕ»፤ «ኮፒራይት»፤ «ክሬዲትስ» ወይም «ላይሰንስ» ብለህ ጻፍ ይላል። ከአራቱ ሦስቱ የባለቤትነት፤ የምስጋናና የፈቃድ ጉዳይ ናቸው፤ ለጀማሪው የተረፈው አንዱ ብቻ ነው። እሱንም ታዝዞ «ሄልፕ» ብሎ ቢጽፍ፤ እስከ 3.12 ባሉት እትሞች የሚያገኘው መልስ ባዶ ቅንፍ ጨምረህ ጻፍ የሚል ነው። እንደ ታዘዘው ያደረገ ሰው ስለ ምን ይታረማል? ለመውጣት «ኤግዚት» ሲልም ፕሮግራሙ ፍላጎቱን ዐውቆ ሳለ፤ ቅንፍ ጎድሏል ብሎ በሩን ይይዝበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 3.13 እነዚህን ሁለቱን አቃንቷቸዋል፤ የመክፈቻው ቃል ግን እንደ ነበረ ነው።

ይህ ሁሉ ይጥፋ በሚለው አሳብ አንስማማም። ርዳታ የሚጠይቅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የእትሙን ቁጥር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ሲከፈት 38911 የቤሲክ ባይት ነጻ መሆኑን ይናገር ነበር፤ ይህ ለጀማሪ ከዊን32 የበለጠ ግልጽ ነው አይባልም። ነገር ግን ከበታቹ «ዝግጁ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ፓይተን የጎደለችው እሷ ናት። ሦስት የማዕዘን ምልክት አስቀምጦ ዝም ይላል እንጂ፤ በደኅና መከፈቱን አይናገርም።

መምህራን ልብ እንዲሉልን የምንለምነው፤ «ፓይተንስታርታፕ» የሚባል ቅንብር መኖሩን ነው። በዚህ የተመለከተውን ፋይል ፓይተን ከመክፈቻው ቃል ቀጥሎ ያነበዋል። በቤተ ሙከራው ኮምፒዩተሮች ላይ «ተከፍቷል፤ ከምልክቱ ቀጥለህ ጻፍ፤ ለመውጣት ኤግዚት ከባዶ ቅንፍ ጋራ» የሚል አንድ መስመር አማርኛ ቢገባበት፤ የእንግሊዝኛው ሳይነካ ጀማሪው የት እንደ ቆመ ያውቃል። በአሮጌው የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ላይ ፊደላችን ባዶ ሣጥን እየሆነ ሊወጣ ስለሚችል፤ አስቀድሞ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ያስፈልጋል።