የተቀበረ መክሊትና የተቀበረ ቆጮ

ሁዳዴ በገባ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር አብሮት ይገባል፤ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? ክርክሩ የሚሞቀው ደግሞ በምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ልኳንዳ ቤቱ ሲዘጋ ኬክ ቤቱ «የጾም ኬክ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ ፒዛ ቤቱም «የጾም ፒዛ» ይላል። የሰው ተጋድሎ መጠሪያ የነበረው ቃል የምግብ ቅጽል ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን የምንለው ምግብ ቤቶችን ለመክሰስ አይደለም፤ ነጋዴ የሚሸጠው የሚጠየቀውን ነው። ክስ ካለ በእኛ በአንባቢዎቹ ላይ ነው። ሁዳዴ አንድ ትልቅ ድርሰት አለው፤ እኛ ግን ሽፋኑን አይተን፣ የተከለከለውን ምግብ ቆጥረን፣ መጽሐፉን መልሰን እንዘጋዋለን።

ድርሰቱ የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የኖረ ሊቅ ነው። ጾመ ድጓው በሁዳዴ 55 ቀናት የሚዜመውን ይዟል። የሰንበቶቹ ስሞችም ከዚሁ ከያሬድ ድርሰት የተገኙ መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ግዕዙን የሚሰማው ምእመን ጥቂት ነው፤ ዜማውን ጠንቅቆ ለማወቅም ዓመታት በዜማ ቤት መቀመጥ ያሻል። ስሞቹን ግን እናቶቻችን ያለ ደብተር ያውቋቸዋል። እንግዲህ ስሞቹን እንደ ስምንት ምዕራፎች፣ ሰንበቶቹንም እንደ አንድ መጽሐፍ እናንብባቸው። ለማንበቢያ ቦታም አረቅጥን መርጠናል።

ለምን አረቅጥ? አረቅጥ በጉራጌ ዞን የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ፣ ብርድ የማያጣት የደጋ አገር ናት። የጉራጌ ስም በአዲስ አበባ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ክትፎን ነው፤ ክትፎ ደግሞ በሁዳዴ ከገበታ የሚነሣ ምግብ ነው። የክርስቲያኑ የአገሬው ትልቅ በዓልም መስቀል ነው። ከመርካቶ እስከ ሩቅ ክፍለ ሀገር የተበተነው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ስለዚህ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ አገር ስለ ሁዳዴ የሚያስተምረን ብዙ ነገር ያለው ላይመስል ይችላል። አማርኛችን ግን ሁለቱን ነገሮች በአንድ ግስ አስሯቸዋል፤ ሰው አገሩ እንደሚገባ ሁሉ ንስሐም ይገባል። ቋንቋው ንስሐን ደጅና ጓዳ እንዳለው ቤት አድርጎ ያየዋል ማለት ነው። ደግሞም የጉራጌ ገበታ ዋናው መሠረት ክትፎ ሳይሆን ቆጮ ነው። ቆጮ የፍስኩም የጾሙም ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ይህ ቆጮ ጥሩ አስተርጓሚ ይሆነናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ስም አለው። አንደኛው ጾመ ሕርቃል ነው፤ በ7ኛው መቶ ዘመን መስቀሉን ከፋርሶች እጅ ካስመለሰው ከቢዛንታይኑ ንጉሥ ታሪክ ጋር የተያያዘ፣ የጦርነትና የድል ስም። ሁለተኛው ዘወረደ ነው፤ «የወረደው» ማለት ነው። ሰንበቱ የተጠራው በንጉሡ ድል ሳይሆን በአምላክ ዝቅ ማለት ነው። መታደስ የሚጀምረው በመውረድ ነው ማለት ነው። በቅድስት የሚነበበው ወንጌል ደግሞ የሚጾም ሰው ፊቱን አጠውልጎ ለሰው እንዳይታይ ይመክራል፤ ጾምና ትርኢት ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ተለያዩ። በሦስተኛው፣ በምኩራብ፣ የገንዘብ ለዋጮቹ ገበታ ይገለበጣል። እስከዚህ ድረስ ድርሰቱ የሚናገረው ለብዙኃኑ ነው፤ ሕዝብ አለ፣ አደባባይ አለ፣ ጫጫታ አለ።

ከአራተኛው ጀምሮ መድረኩ እየጠበበ ይሄዳል። መፃጉዕ 38 ዓመት የተኛ ሰው ነው። ከብዙ በሽተኞች መካከል ለእርሱ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መዳን ትፈልጋለህ ወይ? ሰውየው «አዎ» ብሎ አይመልስም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ያስረዳል እንጂ። ይህን አለመግባባት የከተማ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ፈቃዱን ሲጠየቅ ምክንያቱን መደርደር የማን ልማድ ነው? መታደስን የሚሻ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ጉልበቱን ሳይሆን ቀጥተኛ መልሱን መሆኑን ይህ ምዕራፍ ያሳያል።

በአምስተኛው ሰንበት፣ በጾሙ እኩሌታ፣ ደብረ ዘይት ይመጣል፤ ነገሩም የዓለም ፍጻሜ ነው። አንድ ደራሲ የፍጻሜውን ነገር ለመጨረሻው ምዕራፍ ያቆየው ነበር ብለን ልንጠብቅ እንችላለን። በመጨረሻ ቢመጣ ኖሮ ግን ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በመካከል በመምጣቱ ለሰሚው ጊዜ ሰጠው፤ መጨረሻውን አይቶ የሚሠራባቸው ሳምንታት ገና በእጁ አሉ። ለእኛ ከሰንበቶቹ አቀማመጥ ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ገብር ኄር ይመጣል፤ የመክሊቱ ምሳሌ። በሦስተኛው ሳምንት የነጋዴን ገበታ የገለበጠው መጽሐፍ በስድስተኛው ነግዶ ያተረፈውን አገልጋይ ሲያመሰግን እናገኘዋለን። ምሳሌው ገበያ ላዩ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ዕቁብ የለመደ ሰው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ ሥራ እንደማይሠራ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። የሚያስቸግረው ሦስተኛው አገልጋይ ነው። አልሰረቀም፤ አላባከነም። የተሰጠውን ፈርቶ ቆፍሮ ቀበረ፤ ሲጠየቅም ሳያጎድል መለሰ። ጥፋቱ ምንድን ነው? ከተራ ሒሳብ አንጻር ምንም ጉድለት የለበትም። ጥፋቱ፣ የተቀበረው ነገር እንደተቀበረ ሆኖ መውጣቱ ነው።

አስተርጓሚያችንን የምንጠራው እዚህ ላይ ነው። በጉራጌ ደጋ መቅበር ክፉ ሥራ አይደለም። እንሰት ዓመታት ቆይቶ ሲደርስ ሴቶቹ ይፍቁታል፤ የተፋቀውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። ቡላውም ተጨምቆ ለብቻው ይወጣል። የተቀበረው ብላቴ ሳይሆን ምግብ የሚሆነው ቀስ በቀስ እየበሰለ ነው፤ አገሩ በቀዘቀዘ መጠንም ሳምንቱ ወደ ወራት ይረዝማል። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ ተከድኖ የሚረሳ አይደለም። ይከፈታል፤ የተቀበረው ይገላበጣል፤ ቅጠሉ ይለወጣል፤ ተመልሶ ይከደናል። ሲወጣ ደግሞ ይጨመቃል፣ ቃጫው በቢላዋ ይከተፋል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እንግዲህ መክሊቱም ቆጮውም አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ አንዱ ያው ሆኖ ወጣ፣ ሌላው ተለውጦ። ልዩነቱ አፈሩ ላይ ሳይሆን ጉድጓዱን እየከፈተች በምታገላብጠው እጅ ላይ ነው።

ሁዳዴንም በዚህ መልክ መቅበር ይቻላል፤ እንደ መክሊት ወይም እንደ ቆጮ። 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳይነካ፣ አንድ ቀን ሳይገድፍ ጨርሶ፣ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈውን እንደተኳረፈ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ እንደያዘ፣ ፋሲካ ላይ የሚደርስ ሰው መክሊቱን ሳያጎድል የመለሰ ሰው ነው። ሕጉን ጠብቋል፤ የሚከሰስበት አንድም ቀን የለም። ይሁን እንጂ መጽሐፉ እንዲህ ላለው ሰው የሚያሳዝን መልስ አለው። በሌላ በኩል፣ «ዋናው ልብ ነው» እያለ ጉድጓዱን ጭራሽ ሳይቆፍር የሚያልፍ አለ። ያልተቀበረ እንሰትም ቆጮ አይሆንም። የምግቡ ሕግ ጉድጓዱ ነው፤ ራስን መመርመር ደግሞ ጉድጓዱን መክፈት። አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም።

ሰባተኛው ምዕራፍ ኒቆዲሞስ ነው። አሁን ሕዝቡ የለም፤ አደባባዩም የለም። የተማረና የተከበረ አንድ ሰው በሌሊት ለብቻው መጥቶ ዳግም ስለ መወለድ ይነገረዋል፤ ነገሩም አይገባውም። ለእኛ የድርሰቱ ቁንጮ ይህ ነው። ብዙዎቻችን ዘንባባው ስለሚደምቅ ሆሳዕናን ቁንጮ እናደርገዋለን። ይሁንና ሆሳዕና ወደ ሕዝቡ የሚመለስ ምዕራፍ ነው፤ የዚያች ከተማ ሕዝብ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድምፁን የለወጠ ሕዝብ ነው። ሌሊቱን ሳያልፍ ወደ ሰልፉ የገባ ሰው ሰልፉ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ኒቆዲሞስ ግን በኋላ፣ ብዙዎች በሸሹበት ሰዓት፣ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሽቶ ይዞ ለቀብር ሲመጣ እናየዋለን። በሌሊት የተጀመረው ነገር በውስጡ እየበሰለ ቆይቶ በቀን ወጣ።

የድርሰቱ ዜማም ይህንኑ ወደ ውስጥ መግባት ያግዛል። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ከ1723 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባገለገለባት በጀርመኗ ላይፕዚግም በጾሙ ሳምንታት በመሣሪያ የታጀበው የሰንበት ዝማሬ ዝም ይል ነበር፤ የማቴዎስን ሕማማት የመሰለ ትልቅ ሥራ የተሰማው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። ከበሮው የሚያርፈው ሰው የራሱን ድምፅ እንዲሰማ ይመስለናል። ከቤተ መቅደሱ ቅጥር ውጭ ያለው ድምፅ ማጉያ ግን በየሰፈሩ እረፍት የለውም፤ ይህ በራሱ ሌላ ሒስ የሚያሻው ነገር ነው።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለክርስቲያኑ ብቻ ነው» ይል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ሰኞ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጉርብትና በሚኖርበት በጉራጌ ምድር፣ በአንድ መንደር ሁለት ጾም ማለት ነው። አንዱ ከንጋት እስከ ማታ ውኃ አይቀምስም፤ ሌላው በሰዓቱ ይቆይና ሥጋና ወተት ሳይነካ ይፈታል። የምግቡ ዝርዝር የተለያየ ነው። ዝርዝሩን ብቻ የያዘ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚያወራው ነገር ያጣል፤ ምናልባትም የማን ይከብዳል እያለ ይፎካከራል። ጉድጓዱን የከፈተ ግን ጎረቤቱ ምን እያገላበጠ እንዳለ ሳይነገረው ያውቃል።

ሊቃውንት ሁዳዴ የሚለውን ስም ሁዳድ ከተባለው፣ ሕዝብ በጋራ ወጥቶ ከሚያርሰው ሰፊ የመንግሥት መሬት ጋር ያያይዙታል። ጾሙ በአዋጅ የሚገባ፣ ሁሉም አብሮ የሚወጣበት እርሻ መሆኑ እውነት ነው። የቆጮው ጉድጓድ ግን በየጓሮው ነው፤ የሰውን ጉድጓድ ሌላ ሰው አይከፍትለትም። የፋሲካ ዶሮ ተሠርቶ፣ ጾሙ ተፈቶ፣ ልኳንዳ ቤቱ ሲከፈት የሚጠየቀው ጥያቄ ስንት ቀን ጾምን የሚል አይደለም። ከጉድጓዱ ምን ወጣ? የሚል ነው።