አሳውን ማን ጠየቀው?

መቼም የእኛ ነገር፣ ቤት ማሳመር ከተባለ ነፍስ ያለውንና የሌለውን አንለይም። ሶፋው ገባ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ ቡፌው ላይ ብርጭቆው ተደረደረ፤ ከዚያ ጥግ ላይ የመስታወት ገንዳ ይቀመጥና አሳ ይለቀቅበታል። አንዳንዱማ የአሳውን ቀለም ከመጋረጃው ጋር አስተያይቶ ነው የሚገዛው።

ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞጣ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት እንግዳ መቀበያ ክፍል ተቀምጬ እንዲህ ያለ ገንዳ ገጠመኝ። ከታች ቀይና ሰማያዊ ጠጠር፣ መሀል ላይ የፕላስቲክ ግንብ። አራት ብርማ አሳዎች ጠጠሩን በአፋቸው ነካ እያደረጉ ይመለሳሉ። አስተናጋጁን ልጅ ጠየቅሁት።

«ከውጭ የመጡ ናቸው ጋሼ፣ የአፍሪካ ናቸው» አለኝ። (አፍሪካ «ውጭ» መሆኗን የሰማሁት ያን ቀን ነው።)

«ምን ይበላሉ?»

«ዳቦ እንጥልላቸዋለን።»

«ሲሞቱስ?»

«ይቀየራሉ።»

ይቀየራሉ! እንደ አምፖል ማለት ነው። ልጁን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። የምወቅሰው ለገንዳው ያን ያህል ብር አውጥቶ፣ ውስጡ የሚገባው ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ መጠየቅ የከበደውን ባለቤት ነው።

ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የአሳ ቤተሰብ ውስጥ ኑሯቸውን አሸዋ ላይ የመሠረቱ አሉ። የታንጋኒካ ሐይቅ ዜኖቲላፒያዎች ከነዚህ ናቸው። አሸዋውን በአፋቸው ዘግነው፣ የሚበላውን ጥቃቅን ነገር አስቀርተው፣ የቀረውን በስንጥባቸው በኩል ያፈሱታል፤ ዱቄት በወንፊት እንደ መንፋት ያለ ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለ አሳ ባለቀለም ጠጠር መስጠት ዶሮን ሊሾ ወለል ላይ አቁሞ «በይ ጫሪ» ማለት ነው። ደግሞም ድንጉጦች ናቸው። በመንጋ ነው የሚኖሩት። መስታወቱን ሲያንኳኩባቸው ወይም መብራቱን ድንገት ሲያበሩባቸው ተደናብረው ከመስታወቱ ጋር ይላተማሉ፤ ጉልበተኛ አሳ ከተጨመረባቸውም መብላት ይተዋሉ።

ቢቸና ያለ አንድ መምህር ወዳጄ ይህን ሳወራው «እኔም ልጀምር አስቤ ነበር፤ ተወው ልትለኝ ነው?» አለኝ። ተወው አላልኩትም። ግን ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ የደጋ ከተሞች ናቸው፤ ታንጋኒካ 770 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሞቃት ሐይቅ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል። መብራት ሲሄድ ማሞቂያውም አየር መስጫውም እኩል ይቆማሉ። ለእኛ ሻማ አለን፤ ለአሳውስ?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጥድፊያችን ነው። ገንዳው ጠዋት ተገዝቶ ማታ አሳ ይገባበታል። የአሳ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይፈጥራል፤ አሞኒያውን የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እንደ ታንጋኒካ ፒኤቹ 9 በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ደግሞ የአሞኒያ መርዝነት ይብሳል። ያልታደለው አሳ በሳምንቱ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ ምን ይባላል? «የሰው ዓይን በላው!»

እንዲህ እየተንገበገብን ከሩቅ ሐይቅ የምናስመጣው የሲክሊድ ዘር ግን አጠገባችን አለ። የጣናው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለሉን ቆፍሮ ክብ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተሽቀዳድመው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ከእኛ መሀል ይህን ቁጭ ብሎ ያየ ስንት ነው? የምናውቀው ጥብሱንና ጉላሹን ነው። (የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ልተወው።)

አሳው ሲሰለቸው ወንዝ ሊለቅ የሚያስብም አይጠፋም፤ ርኅራኄ ይመስለዋል። የቢቸናም የሞጣም ወንዞች መውረጃቸው ዓባይ ነው። እንቦጭም እኮ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል።

ወዳጄ፣ ከመምህርነቱ ይሁን እንጃ፣ መታገሥ ያውቃል። ስለታም አሸዋ የአሳውን ስንጥብ ይጎዳል ብዬው ስለነበር፣ ለሕንፃ የሚመጣውን ትቶ ደቃቁን ፈለገ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ አጥቦ ገንዳው ውስጥ አነጠፈው። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት እንዲያገኙ በየቀኑ ቁንጥር የአሳ ምግብ እየጣለ፣ ከአንድ ወር በላይ አሸዋና ውሃ ብቻ ያለበትን ገንዳ ሳሎኑ ውስጥ አቆየ። ጎረቤቶቹ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ «አሳው የታለ?» ይሉታል።

«ውሃው ገና ነው» ይላቸዋል።